የአሮጌዋን ሲልቨራዶ የቦዲ ኮምፒውተር እንዴት ቀየርኩት

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ናት። ዓመቱ በፈረንጆች ነው፤ አገር ቤት ያለው ወንድሜ እንደሆነ ቁጥሩን በሰማ ቁጥር «ገና አዲስ ናትና!» ይለኛል። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሴራሚክ በማንጠፍ ነው የምኖረው፤ ሲሚንቶውንም መቁረጫውንም የምትሸከመው እሷ ናት። ባለፈው የበረዶ ወራት ጠዋት ጠዋት ባትሪዋ ሞቶ አገኘው ጀመር። የጋቢናው መብራት በሩ ከተዘጋ በኋላም አልጠፋ ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይነካቸው የበሮቹ ቁልፎች ቷ ቷ ይላሉ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው አሥር ደቂቃ እንኳን ሳያያት «የቦዲ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ብሎ 900 ዶላር ጠየቀኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሰውዬው በመጨረሻ ልክ ሆኖ ተገኘ። ያወቀው ግን በግምት ነበር፤ እኔ ደግሞ በግምት 900 ዶላር አልከፍልም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለአንድ አውቶ ኤሌክትሪሽያን ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ ሳይለኩ ዕቃ መንቀል እጅ የሚያስመታ ጥፋት ነበር።

የቦዲ ኮምፒውተር የሚባለው ከመሪው ሥር፣ ከሾፌሩ ጉልበት ፊት ካለው ፕላስቲክ ጀርባ የተደበቀ ሳጥን ነው። በዚች መኪና የጋቢናውን መብራት፣ የበሮቹን ቁልፍ፣ የቀን መብራቱንና የስርቆት መከላከያውን ያዛል። የሄደችውን ማይል የሚይዘው የፍጥነት ሰሌዳው ስለሆነ ሳጥኑን መቀየር ቆጣሪውን አይነካም። ብዙ ነገር በእጁ ስላለ ብዙ ጥፋት ይለጠፍበታል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ።

መጀመሪያ የሾፌሩን በር መያዣ ተመልከቱ፤ እጀታውን ሳይሆን በሩ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ሲዘጋ ቀጭ ብሎ የሚይዘውን። በሩ መከፈት መዘጋቱን የሚናገረው ማብሪያ ማጥፊያ ያለው እዚያው መያዣው ውስጥ ነው፤ ቅባቱ ሲደርቅና አቧራ ሲገባው በሩ ተዘግቶም «ክፍት ነኝ» ይላል። የሚያለሰልስ ስፕሬይ በደንብ ነፍታችሁ፣ መያዣውን በካቻቢቴ ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ። የእኔ መብራት በዚህ ለሁለት ቀን ዳነና ተመልሶ ታመመ።

ቀጥሎ የሰው እጅ የገባበትን ሽቦ ፈልጉ። የቀድሞው ባለቤት ከሩቅ ሞተር የሚያስነሳ መሣሪያ አስገጥሞ ነበር። የገጠመው ሰው የመኪናዋን ሽቦዎች እየላጠ ሌላ ሽቦ ጠምጥሞባቸው፣ ላዩን በፕላስተር አድበስብሶታል። ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ በሙሉ አወጣሁትና እያንዳንዱን ቁስል በብየዳና በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ዘጋሁት። ባትሪው ግን መሞቱን አልተወም።

ከዚህ በኋላ ነው ቴስተር የሚወጣው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትታችሁ (በዚች መኪና ቡሎኑ በጎን ነው፣ የ8 ቁልፍ ይበቃል) ቴስተሩን በ10 አምፔር ላይ አድርጉና በባትሪውና በገመዱ መካከል አስገቡት። ከዚያ በፊት የሾፌሩን በር ከፍታችሁ መያዣውን በካቻቢቴ ዝጉት፤ መኪናዋ በሩ የተዘጋ ይመስላታል፣ እናንተ ግን ከዳሽቦርዱ ግራ ጫፍ ያለውን የፊውዝ ሳጥን ማግኘት ትችላላችሁ። ቴስተሩ እንደተገናኘ ቁልፍ አታዙሩ፤ የራሱ ፊውዝ ይቃጠላል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ኮምፒውተሮቹ ተራ በተራ እስኪተኙ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ መጀመሪያ የምታዩት ትልቅ ቁጥር አያስደንግጣችሁ።

ጤነኛ መኪና ተኝታ ከ0.05 አምፔር በታች ነው የምትወስደው። የእኔዋ ከአርባ ደቂቃ በኋላም 0.9 ላይ ነበረች። ይህ በቀን ወደ 22 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ 70 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ከሁለት ቀን በላይ መቆም አልቻለም ብሎ ማማረር አይገባም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ቲ.ቢ.ሲ የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ፈልጉ፤ የሼቭሮሌ አምራች ጂ.ኤም. በዚያ ዘመን ፒክአፖቹ ላይ የቦዲ ኮምፒውተሩን ፊውዞች የጠራቸው በዚህ ስም ነው። የቲ.ቢ.ሲን የባትሪ ፊውዝ ስነቅል ቁጥሩ ወደ 0.02 ወረደ።

ይህም ቢሆን ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። በዚያ ፊውዝ በኩል አልፎ የሚበላው ሌላ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከጓደኛዬ የቦዲውንም ክፍል የሚያነብ መመርመሪያ ተዋስኩ፤ ርካሾቹ የሞተሩን ኮድ ብቻ ስለሚያነቡ እዚህ አይረዱም። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ዩ1064 የሚል ኮድ ይዘው ተገኙ፤ «ከቦዲ ኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር አቃተን» ማለታቸው ነው። መልስ የማይሰጥ ሳጥን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሞቷል፣ ወይ ኃይል አላገኘም። ይህን ለመለየት ሶኬቱን ነቅዬ፣ ኃይል የሚያመጡትን ሽቦዎችና እኛ ማሳ የምንለውን ወደ ሻንሲ የሚሄደውን ሽቦ በአምፖል ፈተንኳቸው። በቴስተር ብቻ አትፈትኑ፤ አንድ ክር የቀረው ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል፣ አምፖል ሲሸከም ግን ይጋለጣል። የእኔ አምፖል በሁሉም ላይ ደምቆ በራ። ጥፋቱ የሳጥኑ መሆኑን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ግዢ። አዲስ ከገዛችሁ ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ፣ የሻንሲ ቁጥሩና መኪናዋ ይዛው የተሠራችው ዕቃ ሁሉ ቴክ 2 በሚባለው የጂ.ኤም. መሣሪያ መሞላት አለበት። እኔ አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ ሄድኩ። ሽታውና የዘይቱ ጭቃ ሶማሌ ተራን አስታወሰኝ፤ የጎደለው ሻይ የምታዞር ልጅ ብቻ ናት። ከ2003 እስከ 2006 ያሉት የጂ.ኤም. መኪኖች ሲልቨራዶ፣ ሲየራ፣ ታሆና ዩከን ተቀራራቢ ሳጥን አላቸው፤ እናንተ ግን በሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የዕቃ ቁጥር ከራሳችሁ ጋር አንድ መሆኑን ሳታዩ እንዳትከፍሉ። የጓንት ማስቀመጫው ክዳን ላይ ያለውን የኮድ ዝርዝርም ከመኪናችሁ ጋር አስተያዩ፤ የኤሌክትሪክ መስኮት የሌለው መኪና ሳጥን ለባለ መስኮቱ አይመከርም። የሶኬቱ እግሮች ላይ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ተዉት። 45 ዶላር ከፈልኩ።

መንቀሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ኔጋቲቩን ፍቱና አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ እዚያ አካባቢ የኤርባግ ሽቦዎች አሉ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የጉልበት መከላከያውን ፕላስቲክ ቡሎኖች በ7 ቁልፍ ፈትታችሁ ፕላስቲኩን ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ በቅንጥብ ስለተያዘ ቀጭ ይላል፣ አይሰበርም። ብርድ ላይ ከሆናችሁ ግን ይሰበራል፤ ጋቢናውን አስቀድማችሁ አሙቁት። ሶኬቶቹ በቀለምና በቅርጽ ይለያያሉ፣ ቢሆንም ፎቶ አንሱ። ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ይዛችሁ፣ መቆለፊያውን ተጭናችሁ ሳቡ። አዲሱን ስትሰኩ እስኪቆለፍ ድረስ ግፉት።

ባትሪውን መልሼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሣ፤ ወዲያው ጠፋ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ ሳጥኑን የሚመልሰው። ሳጥኑ ደኅና ነው። በዚች መኪና ፓስሎክ የሚባል የስርቆት መከላከያ አለ። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ የለም፤ ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር ላይ ያለ ሴንሰር ለቦዲ ኮምፒውተሩ ምልክት ይሰጣል፣ እሱም ለሞተሩ ኮምፒውተር የምስጢር ቃል ይልካል። ሞተሩ የሚያውቀው የሟቹን ሳጥን ቃል ነው። እንግዳ ቃል ሲሰማ ነዳጅ ይዘጋል።

የሚያስተዋውቃቸው ትዕግሥት ነው። ከሁሉ በፊት ባትሪው ላይ ቻርጀር ስኩ፤ ቁልፉ ከግማሽ ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ ደካማ ባትሪ መሐል ላይ ይጥላችኋል። ማሞቂያውንና ሬዲዮውን አጥፉ። ቁልፉን ወደ ማስነሻ አዙሩ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ይጥፋ፣ ቁልፉን ግን ክፍት ላይ ተዉት። የሴኩሪቲ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ይታያል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ሲጠፋ ቁልፉን ዘግታችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከዚያ እንደገና። እንዲህ ሦስት ጊዜ። ከሦስተኛው በኋላ ዘግታችሁ ስታስነሡ ሞተሩ ይቀጥላል።

እኔ ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። መጀመሪያ፣ በሁለተኛው ዙር ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። የእናት ስልክ በመኪና ጩኸት መሐል አይነሣም ብዬ ሳላስብ ቁልፉን ዘጋሁት። ዳግመኛ ስጀምር ስልኩን ለልጄ ሰጥቼ፣ ቡና በቴርሞስ ይዤ ተቀመጥኩ። መብራቱን አፍጥጦ ማየት አያፈጥነውም፤ ሞክሬዋለሁ።

በማግስቱ ለካሁ፤ 0.02 አምፔር። መብራቱም በሩ እንደተዘጋ ቀስ ብሎ ይከስማል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ ማርሹን ከፓርኪንግ ሳወጣ በሮቹ በራሳቸው ይቆለፋሉ። በእኔ መኪና እንዲህ አልነበረም፤ የማላውቀው የዚያች መኪና ባለቤት ያስለመደው ልማድ ይሆናል። ሊስተካከል ይችላል፣ እኔ ግን ትቼዋለሁ። ሚስቴ ወድዳዋለች።