ቃጫው ሬዚን አልይዝ ሲለኝ

ባሕር ዳር፣ በክረምት። በቃጫና በፖሊስተር ሬዚን (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ በሚጠነክር ፈሳሽ) ሰሌዳ ልሠራ ስሞክር አምስት ቀን ባከነብኝ። ሰሌዳው ሲደርቅ አረፋ በአረፋ ይሆናል። ስሰብረው ደግሞ ቃጫው ሬዚን ያልነካው ይመስል ንጹሕ ሆኖ ተመዞ ይወጣል።

መጀመሪያ ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ሃርድነር ጠረጠርኩ። ከ1 በመቶ ወደ 2 በመቶ ከፍ አደረግኩት። ቶሎ ደረቀ፤ አረፋው ግን እዚያው ነው። ድንጋይ ጫንኩበት። ሰሌዳው ሳሳ እንጂ ቃጫው አሁንም ይመዘዛል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አላዋጣኝም፤ ከሰዓት ሲዘንብ ቃጫው እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል።

የሠራልኝ ይኼ ነው። 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ (ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል) በውሃ በጥብጬ 1 ሊትር ሞላሁት። ሶዳው ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው፤ ውሃ ሶዳ ላይ እንዳታፈሱ። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ዕቃው የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን፤ አሉሚኒየም ድስት ሶዳው ይበላዋል። ቃጫውን ለ4 ሰዓት ያህል ዘፈዘፍኩት። ውሃው እንደ ሻይ ቀላ። ሬዚኑ እንዳይጣበቅ የሚከለክለው በቃጫው ላይ ያለው ሰም ነበር፤ እሱ ለቀቀ። ማሟለጩ እስኪጠፋ አጠብኩት፣ በመጨረሻ ጥቂት ኮምጣጤ ባለበት ውሃ አለቀለቅኩት።

ቀጥሎ ማድረቅ። ኦቨን ውስጥ በ80 ዲግሪ አስገብቼ በየሰዓቱ መዘንኩት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ብቻ አወጣሁት። በእጅ ሲነካ የደረቀ የሚመስል ቃጫ ገና ውሃ አለው፤ ሚዛኑን እመኑ። በፌስታል አሽጌ አቀዘቀዝኩና ወዲያው ሬዚን አፈሰስኩበት።

አረፋው በጣም ቀነሰ። ሰሌዳውን ስሰብረው ቃጫው ሬዚን እንደለበሰ አብሮ ተበጠሰ።