ቴንስ ማሽን አልሠራልኝም ሲሉ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቴንስ ህመም ለማስታገስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች አማካይነት ቀላል ኤሌክትሪክ ወደ ነርቭ የሚልክ የኪስ ማሽን ነው። ብዙዎቹ በ9 ቮልት ባትሪ ስለሚሠሩ ጎንደር ላይ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። የህመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ንክኪና ንዝረት የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች ሲነቁ ህብለ ሰረሰር ላይ የህመም መልእክት የሚያልፍበት በር ይጠባል። ንዝረቱ በደንብ ካልተሰማ በሩ አይጠብም፤ ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ማሽኑ በሽታውን አያድንም። በካንሰር ህመም ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም፤ ስለዚህ ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አይያዝ።

«ቁጥሩ ይጨምራል፣ ግን አይነዝረኝም»

ከሁሉ በፊት ኃይሉን ወደ 0 ይመልሱ። ሳይመልሱ ገመድ ከነካኩ፣ ግንኙነቱ በድንገት ሲገጥም ታማሚውን ያስደነግጠዋል።

ቀጥሎ ሁለቱ ፓዶች ከአንድ ቻናል፣ ማለትም ከአንድ የማሽኑ መውጫ፣ የወጡ መሆናቸውን ይዩ። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ወጥቶ በሌላው መመለስ አለበት፤ አንዱ ከቻናል 1፣ ሌላው ከቻናል 2 ከሆነ መንገዱ አይገጥምም። ይህ ትክክል ከሆነ ሁለቱንም ፓዶች በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥፈው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። እዚያ ከነዘረ ማሽኑ ደህና ነው፤ ችግሩ የታማሚው ቆዳ ወይም የተለጠፈበት ቦታ ነው። ካልነዘረ ያንኑ ገመድ ወደ ሌላው ቻናል ያዛውሩ። አሁን ከሠራ የመጀመሪያው ቻናል ተበላሽቷል፤ አሁንም እምቢ ካለ ገመዱን ይጠርጥሩ። ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ሥር ነው፣ ማሽኑ ላይ እየተጠቀለለ ስለሚቀመጥ። የማሽኑ መብራት በራ ማለት ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ በመለኪያው ያይልዎታል፣ ከ8 ቮልት በታች ከወረደ ይቀይሩት።

በበጋ የጎንደር አየር ፓዱን ቶሎ ያደርቀዋል። ጀሉ (የሚያጣብቀው ገጽ) ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አድርገው በጣት ያዳርሱና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከተጠቀሙ በኋላ ፕላስቲኩ ላይ መልሰው በሚዘጋ ከረጢት ያስቀምጡ። እንዲህ ሆኖም ከ20 እስከ 30 ጊዜ ካገለገለ በኋላ መጣል አለበት። በስስት የተያዘ አሮጌ ፓድ ነው ቆዳ የሚያቃጥለው።

«አንድ ጥግ ላይ እንደ መርፌ ይወጋኛል»

ፓዱ ከፊሉ ተነስቷል። ለሙሉው ስፋት የታሰበው ኤሌክትሪክ በቀረችው ጥግ ብቻ ሲያልፍ ይወጋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቅባት ነው፤ ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም እምነት የተቀባ ቆዳ ፓድ አይዝም። በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁ፤ መቀባቱን ከህክምናው በኋላ ያድርጉት። ፀጉር ካለ በመቀስ ያሳጥሩ እንጂ አይላጩ፣ የተላጨ ቆዳ ይቆጣል።

«ሲጀምር ጥሩ ነበር፣ ቆይቶ ጠፋ»

ነርቭ ይለምዳል። ስሜቱ ሲደበዝዝ «ጠንካራ ግን የማያሳምም» እስኪሆን እንደገና ይጨምሩ። መነሻው ከ80 እስከ 100 ኸርዝ (በሰከንድ የሚላከው ምት ብዛት)፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ከሳምንታት በኋላ እየደከመ ከመጣ ፍጥነቱን በራሱ የሚለዋውጠውን ፕሮግራም ይጠቀሙ። ጡንቻ ከዘለለ ግን ፓዱን ትንሽ ያሽሹት ወይም የምቱን ስፋት (እያንዳንዱ ምት የሚቆይበትን ጊዜ) ይቀንሱ።

«ሞርፊን እወስዳለሁ፣ ምንም አልለወጠልኝም»

ማሽኑ ከ2 እስከ 4 ኸርዝ ላይ ተሞልቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ዝቅተኛው ፍጥነት የሚያስታግሰው ሞርፊን በሚይዛቸው የነርቭ ተቀባዮች በኩል ነው፤ ሰውነት ሞርፊንን ከለመደ ይህኛውም ይዳከማል። ወደ 100 ኸርዝ ይውጡ። ሞርፊኑን በራስዎ አይቀንሱ።

«የሚያመኝ ቦታ አይነካም»፣ «እግሬ ደንዝዟል»

አልማዝ ባለጭራ ያለፈበት ቆዳ ልብስ እንኳ ሲነካው ያቃጥላል። ፓዱን እዚያ ላይ ሳይሆን በዚያው ነርቭ መስመር ላይ ባለው ጤነኛ ቆዳ፣ ለምሳሌ ወደ አከርካሪው ጠጋ ብለው ይለጥፉ። በስኳር ወይም በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት) የደነዘዘ እግር ደግሞ ቢቃጠልም አይናገርም። በስንጥር ሹል ጫፍና በጥጥ እየነኩ ስሜቱ የሚመለስበትን ቦታ ይፈልጉና ከዚያ በላይ ይለጥፉ። በፓዶቹ መካከል ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።

ከፓዱ በታች የቀላ ቆዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ አያሳስብም፤ ውኃ ከቋጠረ ይቁም።

ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለው ሰው አይጠቀም። በአንገት ፊት ለፊት፣ በዓይን፣ በደረት ግራና ቀኝ ተሻግሮ፣ በነፍሰ ጡር ሆድ፣ በቁስል፣ ጨረር በቅርቡ ባረፈበት ቆዳና ደም በረጋበት እግር ላይ አይለጠፍም። ዕጢ ባለበት ቦታ ላይ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክሩ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያማክሩ።

የካንሰር ታማሚ ጀርባው አዲስ ህመም ቢያመጣና እግሩ ቢዝል፣ ወይም ሽንት አልወጣ ቢለው፣ ዕጢው ህብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ማሽኑን አጥፍተው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት።