የጂን ቴራፒ ወጣት ያደርጋችኋል ሲሏችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እንዴት እንደምታጣሩ

ሰሞኑን አክስቴ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ፣ በአንድ የጂን ቴራፒ መርፌ (ጂን ማለት ሴል የሚሰራበት መመሪያ ነው፣ ቴራፒው እሱን ሰውነት ውስጥ ማስገባት ነው) 20 ዓመት ወደኋላ እንመልሳችኋለን የሚል ክሊኒክ ነው፣ ጉልበቷን ስለሚያማት በጣም ተስፋ አድርጋለች። እውነት ነው ወይ ስትለኝ ዝም ብዬ ውሸት ነው ማለት አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም ሳይንሱ ራሱ ውሸት አይደለም። እንዴት እንደምታጣራ ቁጭ ብዬ አሳየኋት፣ ለናንተም ይጠቅማል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ጂን ነው የምትሰጡኝ በሏቸው። "ሴል ያድሳል" ምናምን መልስ አይደለም። ቴሎሜሬዝ ካሉ የክሮሞዞምን (ሴል ውስጥ ጂኖቹን የያዘውን ክር) ጫፍ የሚያስረዝመው ነው፣ ፎሊስታቲን ካሉ የጡንቻ ነው፣ ስሙን መናገር ካልቻሉ እዛው ተዉት።

ስሙን ከነገሯችሁ ደግሞ በማን ላይ ተሞከረ በሉ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ስፔን ውስጥ የተመራማሪዋ ማሪያ ብላስኮ ቡድን በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቴሎሜሬዝን ለአይጦች ሰጥቶ 1 ዓመት የሞላቸው በአማካይ 24 ፐርሰንት፣ 2 ዓመት የሞላቸው ደግሞ 13 ፐርሰንት ረዘም ያለ እድሜ ኖረዋል፣ በጣም ደስ የሚል ውጤት ነው ግን አይጥ ነው፣ ሰው ላይ አብዛኛው ካንሰር የሚባዛው ይሄንኑ ቴሎሜሬዝ ተጠቅሞ ስለሆነ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ሊዝ ፓሪሽ የምትባል አሜሪካዊት በ2015 ኮሎምቢያ ሄዳ የጂን ቴራፒ ራሷ ላይ አስወግታለች፣ ስሟን ማስታወቂያ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ግን አንድ ሰው ነች፣ ሳይወጋ ከሷ ጋር የሚነጻጸር ሰው በሌለበት መድኃኒቱ ሰራ አልሰራም ማለት አይቻልም።

ሶስተኛ፣ ጂኑን ምን ተሸክሞ ነው የሚገባው? ብዙ ጊዜ ኤኤቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ በሽታ በማምጣት የማይታወቅ። አንዴ ከገባ ሰውነታችሁ ይለየዋል፣ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ) ይሰራበታል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ይመልሰዋል። ይሄን ማንም ማስታወቂያ ላይ አይነግራችሁም እኮ፣ ዛሬ የማይረባውን ከተወጋችሁ ከ10 ዓመት በኋላ ትክክለኛው ቢመጣ በሩን በራሳችሁ እጅ ዘግታችሁታል ማለት ሊሆን ይችላል። ደግሞ እንደ ክኒን ካልተስማማኝ አቆመዋለሁ አይባልም፣ የገባው ገባ። በ1999 አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የጂን ቴራፒ ሙከራ ውስጥ የነበረው የ18 ዓመቱ ጄሲ ጌልሲንገር በተወጋ በ4 ቀኑ ነው የሞተው፣ ያ ሌላ ዓይነት ቫይረስ ነበር፣ ሆስፒታሉም ትልቅ ሆስፒታል ነበር፣ እና ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከዛ ብሩን ማን ነው የሚከፍለው? አብዛኛው ትክክለኛ ሙከራ ለመድኃኒቱ ታካሚውን አያስከፍልም። በ2019 ሊቤላ የሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ ኮሎምቢያ ውስጥ ለሚሰራው የቴሎሜሬዝ ሙከራ ከአንድ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር ጠይቋል! የአሜሪካ መንግስት የሕክምና ሙከራዎች መዝገብ (ClinicalTrials.gov) ላይ አለን ካሉ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ፈልጉት፣ ብታገኙትም መመዝገብ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም።

የተፈቀዱ የጂን ቴራፒዎች አሉ፣ ለምሳሌ ላክስተርና በ2017 ለአንድ በዘር ለሚመጣ የዓይን በሽታ ተፈቅዷል፣ ዋጋው ለሁለቱ ዓይን 850,000 ዶላር ነበር። ለእርጅና ግን ኤፍዲኤ (የአሜሪካ መድኃኒት ፈቃድ ሰጪ መስሪያ ቤት) እስካሁን የፈቀደው አንድም የለም፣ ስለዚ አለን የሚል ካለ የፈቃዱን ወረቀት ያሳያችሁ።

አክስቴ ጥያቄዎቹን ጽፋ ላከችላቸው፣ የመለሱላት የባንክ አካውንት ቁጥር ብቻ ነው። ማክሰኞ ጉልበቷን ለማሳየት ቀጠሮ አስይዘናል፣ አብሬያት እሄዳለሁ።