የታጠፈ የሚመስል ጠፍጣፋ ሰሌዳ፦ ኦፕ አርት ጎንደር ላይ እንዴት ይሠራል

ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች ብቻ የተቀቡበት ሰሌዳ መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ እንዲመስል ማድረግ ይቻላል። ጥላ አይገባበትም፤ ግራጫም አያስፈልገውም። እንዲህ በቅርጽ ድግግሞሽ ዓይንን የሚያታልል የሥዕል ዓይነት ኦፕ አርት ይባላል። እንግሊዛዊቷ ብሪጅት ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1961 «ሙቭመንት ኢን ስኩዌርስ» በተባለው ሥዕሏ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የአራት ማዕዘኖቹ ቁመት አንድ ሆኖ ስፋታቸው ብቻ እየጠበበ ሄዶ መልሶ ይሰፋል። እዚህ የምንሰጠው ልኬት የእሷ አይደለም፣ ለ60 በ60 ሴንቲሜትር ሰሌዳ የተሰላ ነው። አሠራሩ ግን በዚያው መርህ ነው።

መርሁን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ወደ ጣሪያው ቀና ይበል። የመላእክቱ ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፤ የፊቱ ቅርጽ ይደጋገማል፣ የዓይኖቹ አቅጣጫ ይለያያል። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ዓይን ለማታለል ብለው አልሠሩትም፤ ሆኖም የተመልካች ዓይን አንዱ ፊት ላይ አርፎ አይቆይም። ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥ ዓይን ለውጡን ተከትሎ ይሄዳል። ጀማሪ ስፋቱንም ቁመቱንም ቀለሙንም በአንድ ሥዕል ላይ ሲለዋውጥ ጌጥ ይወጣለታል እንጂ እንቅስቃሴ አይወጣለትም።

ለሰሌዳ 9 ወይም 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤም ዲ ኤፍ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ጥሩ ነው። አናጢው ከቆረጠላችሁ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኩት፤ ሁለቱም ሰያፎች 84.8 ሴንቲሜትር ገደማ ካልመጡ ሰሌዳው ጠማማ ነውና መልሱት። አቡጀዲ ወጥሮ መቀባት ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ጨርቁ ከማስመሪያው ሥር ይረግባል፣ ቀለሙም በድሩና በማጉ መካከል ሾልኮ ከመስመር ይወጣል። ጨርቅ የግድ ካላችሁ እንደ ድሮዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አድርጉ፦ እነሱ ጨርቁን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ነበር፤ እናንተም በነጭ ኮላ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት። ነጩን አክሪሊክ ሦስት ጊዜ በሩሎ ቀቡ፣ በየመሃሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹት። ጀርባውንና ጠርዙንም ቀቡ። ጀርባው ሳይቀባ የቀረ ሰሌዳ ክረምት ሲገባ በአንድ በኩል እርጥበት ስቦ ይጎብጣል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ቁመቱን 12 ረድፍ አድርጋችሁ እያንዳንዱን 5 ሴንቲሜትር ስጡት። ስፋቱ 21 አምድ ይሆናል። አምዶቹ የሚያልቁበትን ነጥብ ሁሉንም ከግራው ጠርዝ ጀምራችሁ በሴንቲሜትር ምልክት አድርጉ፦ 5.0፣ 9.9፣ 14.5፣ 18.7፣ 22.4፣ 25.5፣ 28.0፣ 29.9፣ 31.3፣ 32.3፣ 33.0፣ 33.5፣ 34.0፣ 34.8፣ 36.1፣ 38.1፣ 41.1፣ 45.2፣ 50.0፣ 55.0፣ 60.0። እጥፋቱ 33.5 ላይ ነው። ሆን ተብሎ ከመሃል ወጥቷል፤ በግራ በ12 አምድ ቀስ እያለ ይጠብባል፣ በቀኝ በ9 አምድ ቶሎ ይሰፋል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ቢሆኑ ሥዕሉ እንደ ቧንቧ ተመጣጥኖ ይቀመጣል፣ መንሸራተቱም ይቀንሳል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዱን አምድ ለክቶ ከእሱ ጫፍ ቀጣዩን መለካት አይገባም። በየአምዱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳት 21ኛው ላይ ስሕተቱ አንድ ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ የሚጨናነቀውም ጠባቦቹ አምዶች ላይ ነው። ማስመሪያው የብረት ይሁን፤ የእንጨት ማስመሪያ የዜሮው ጫፍ ያልቃል። ነጥቦቹን ከላይም ከታችም አድርጋችሁ ሁለቱን አገናኙ። በጠንካራ እርሳስ፣ ለምሳሌ 2ኤች፣ በቀጭኑ አስምሩ፤ ለስላሳ እርሳስ ነጩን ያቆሽሻል። ከዚያ ጥቁር የሚሆኑት ውስጥ ትንሽ «ጥ» ጻፉ፦ የረድፉና የአምዱ ቁጥር ሲደመር ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) የሚሆነው ሁሉ ጥቁር ነው። 126 «ጥ» ከወጣችሁ ትክክል ናችሁ። ይህን ዘልሎ በግምት መቀባት የጀመረ ሰው 0.5 ሴንቲሜትሮቹ ጋ ሲደርስ መቀያየሩ አይቀርም።

ቀለሙን በማስኪንግ ቴፕ እየከለላችሁ ቀቡ። መጀመሪያ ጎደሎ ቁጥር ያላቸውን ረድፎች፣ አድሮ ሲደርቅ ሙሉዎቹን። ከረድፉ በላይና በታች ረጅም ቴፕ ለጥፉ፤ ነጭ የሚቀሩትን ደግሞ በልካቸው በተቆረጠ ቴፕ ሸፍኑ። ጠባቡን ቴፕ መስታወት ላይ ለጥፋችሁ በአዲስ ምላጭ ቁረጡት። ጠርዙን በጥፍር ሳይሆን በማንኪያ ጀርባ ተጫኑት። ቀጥሎ ጥቁሩን ከማንሳታችሁ በፊት በቴፑ ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለም አስኪዱ። ክፍተት ካለ የሚሾልከው ነጩ ይሆናል፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፣ ክፍተቱም ይደፈናል። ሲደርቅ ደብዛዛ ጥቁር አክሪሊክ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡ። ውሃ አታብዙበት፤ የቀጠነ ቀለም ቴፕ ሥር ይገባል። የሚያብረቀርቅ ጥቁርም አይሆንም፣ የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ግማሹን ሥዕል ያጠፋዋል።

ቴፑ የሚነሳው ሁለተኛው ቅብ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በበጋው ደረቅ አየር አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ስድስቱን ረድፍ በአንዴ አትቀቡ፣ አንድ ረድፍ ጨርሳችሁ ቴፑን ካነሳችሁ በኋላ ቀጣዩን ጀምሩ። የደረቀ ቀለም ከቴፑ ጋር እየተቀደደ ይነሳል፤ ጠርዙ ይሸራረፋል።

ጥቁሮቹ የሚገናኙት በማዕዘናቸው ጫፍ ብቻ ነው። ከተደራረቡ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከተራራቁ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ዓይን እጥፋቱን ትቶ እነሱን ይቆጥራል። የተሳተውን በእጅ ብቻ አትነካኩት፤ እንደገና ቴፕ ለጥፋችሁ በተቃራኒው ቀለም አስተካክሉ።

የአውሮፓ ማስተማሪያዎች ለሠዓሊ የሰሜን መስኮት ይመርጣሉ፣ ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባበት። ጎንደር ላይ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በእነዚህ ወራት ደመና በሌለበት ቀን የሰሜን መስኮት ላይ ስስ ነጭ ነጠላ መጋረድ ይበቃል።

ወደ ቀለም ለመግባት አትቸኩሉ። ራይሊ ራሷ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ነው የቆየችው። ስትገቡ፣ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን የሚንቀጠቀጡት ብሩህነታቸው እኩል ሲሆን ነው። ሁለቱን ናሙና ቀብታችሁ በስልክ በጥቁርና ነጭ አንሷቸው፤ ሁለቱም አንድ ግራጫ ከመሰሉ ተስማምተዋል። ካልሆነ ጨለም ያለው ላይ ነጭ ጠብ እያደረጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ድርሻውን፣ ለምሳሌ 5 ማንኪያ ቀይ ለ1 ማንኪያ ነጭ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። ከማስታወቂያ ግራፊክስ ወደ ሥዕል የመጣው ሌላው የኦፕ አርት ሠዓሊ ቪክቶር ቫሳሬሊም ሆነ ራይሊ ትልልቅ ሥራዎቻቸውን በረዳቶች ያስቀቡ ነበር፤ ይህ የሚቻለው ሁሉም ነገር አስቀድሞ ወረቀት ላይ ካለቀ ብቻ ነው።

በየ20 ደቂቃው ተነስታችሁ ሩቅ ተመልከቱ፤ የደከመ ዓይን የሌለ ጥላ ስለሚያይ ትክክለኛውን መስመር ታበላሻላችሁ። የሚጥል በሽታ ወይም ማይግሬን ያለበት ሰው ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ሥዕል ሊታመም ይችላል፤ ለሕዝብ ስታሳዩ መግቢያው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። በስልክ ስታነሱት ጠባቦቹ አምዶች ላይ የሌለ ሞገድ ከታየ ጥፋቱ የሥዕሉ አይደለም፤ ጠጋ ወይም ራቅ ብላችሁ በትልቁ መጠን አንሱት፣ አሳንሳችሁም አትላኩት።