ክር ከጨርቁ ሥር ሲተበተብ መጀመሪያ የላይኛውን ክር ይመልከቱ

የልብስ ስፌት መኪና ከጨርቁ ሥር ክር ሲተበትብ ብዙ ሰው ጥፋቱ የታችኛው ክር ይመስለውና የቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ትንሽ ማጠንጠኛ) መያዣ ብሎን መነካካት ይጀምራል፤ ሆኖም ከሥር የሚከማቸው አብዛኛውን ጊዜ በሚገባ ያልተወጠረው የላይኛው ክር ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ብሎን ከማዞርዎ በፊት የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አውጥተው፣ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሥተው እንደገና ያስገቡት። እግሩ ዝቅ ሲል የክር ማጥበቂያው ዝርግ ብረቶች ተጣብቀው ስለሚቆዩ ክሩ በመካከላቸው ሊገባ አይችልም፤ እግሩ ሲነሣ ግን ይከፈቱለታል። ይህች ጥንቃቄ ብቻዋን ብዙ መኪኖችን ከአላስፈላጊ ጥገና ታድናለች ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ካልተወገደ መርፌውን ይቀይሩ፤ ለዓይን ባይታይም ጫፉ የደነዘዘ ወይም በጥቂቱ የታጠፈ መርፌ ስፌት ይዘላል፣ ክርም ይበጥሳል። ከዚያም ሶኬቱን ነቅለው፣ ከመርፌው ሥር ያለውን ሰሌዳ ፈትተው፣ ጨርቁን በሚያራምዱት ጥርሶችና በቦቢኑ ዙሪያ የተጠራቀመውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ በአፍ መንፋት እርጥበት ከማስገባቱም በላይ ብናኙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ዘይት የሚደረግለት መኪና ከሆነ፣ መመሪያው ባመለከታቸው ቦታዎች አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ የምግብ ዘይት ግን እየቆየ ስለሚያጣብቅ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ዘይት ካደረጉ በኋላ ትርፉ ልብስዎን እንዳያበላሸው መጀመሪያ በብጣሽ ጨርቅ ላይ ይስፉ።