ኦንላይን ልመዝገብ ወይስ ክፍል ገብቼ ልማር? አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለምትጀምሩ

«ሥራ ይበዛብኛል፣ ሁሉንም ኦንላይን ልውሰድ» ብላችሁ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ቆም በሉ። ኦንላይን የሚያተርፍላችሁ የመንገዱን ሰዓት እንጂ የጥናቱን አይደለም። ውሳኔውም ለዲግሪው በሙሉ አንዴ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው ነው።

መጀመሪያ ሰዓት ቁጠሩ። ባለ 3 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ኮርስ በ15 ሳምንት ሴሚስተር በሳምንት 9 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፦ 3 ለትምህርቱ፣ 6 ለንባብና ለቤት ሥራ። ያው ኮርስ በ7 ሳምንት ሲሰጥ 19 ሰዓት ይደርሳል። የሥራ ፈረቃችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና 9ኙን ሰዓት አስገቡበት። «ልጆቹ ሲተኙ» ማለት አይበቃም፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 እስከ 5» ብላችሁ ጻፉ። ቦታ ካልተገኘ ኦንላይንም አያድናችሁም፤ የኮርሶቹን ብዛት ቀንሱ።

ኦንላይን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በመመዝገቢያው ላይ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት በዙም በቀጥታ የሚሰጥ ስለሆነ ፈረቃው የሚቀያየርበትን ሰው አይመቸውም። ሰዓት ያልተጻፈበት ደግሞ በራሳችሁ ጊዜ የምትከታተሉት ነው፤ የማስረከቢያው ቀን ግን አይለወጥም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በኮርሱ ገጽ ላይ በጽሑፍ በሚደረገው ውይይት ነው። የመጀመሪያው መልስ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ለሌሎች የሚሰጠው አስተያየት እሑድ ማታ 11፡59 ሊባል ይችላል፤ በእኛ አቆጣጠር 5፡59 መሆኑ ነው። እሑድ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ነጥብ አጥቷል።

ሂሳብ ከተዋችሁ ዓመታት ካለፉ ክፍል ግቡ። ከቅንፍ ፊት ያለውን የመቀነስ ምልክት ለሁለተኛው ቁጥር ሳያደርስ የቀረን ተማሪ ኮምፒውተሩ «ስህተት» ብቻ ሊለው ይችላል፤ መምህሩ ግን የተሳሳተበትን መስመር በጣቱ ያሳየዋል። የንግግርና የጽሑፍ ኮርስም እንዲሁ በአካል ይሻላል። ታሪክ፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ግን ለኦንላይን ይመቻሉ፤ የተቀዳውን ትምህርት ደጋግሞ መስማትና ጽሑፉን ከሥር ማንበብ እንግሊዝኛው ገና ላልለመደው ጆሮ ትልቅ እርዳታ ነው። ነርሲንግ የምታስቡ ደግሞ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን (የሰውነት አሠራር ትምህርት) ኦንላይን ከመውሰዳችሁ በፊት የምትገቡበት ፕሮግራም ኦንላይን የተሠራ ላቦራቶሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል ያዙ።

በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ምርጫችሁ ጠባብ ነው። ከሙሉ ጊዜው 12 ክሬዲት ውስጥ በሴሚስተር የሚቆጠርላችሁ ኦንላይን አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ለመጨረሻው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ከቀራችሁ እሱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን መሆን አይችልም። ከመመዝገባችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን አነጋግሩ።

የፌዴራል ፋይናንሻል ኤይድ (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ) ለምትወስዱ፦ የኮርሱን ገጽ ከፍቶ መግባት ብቻ ትምህርት እንደ መከታተል አይቆጠርም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሥራ አስረክቡ ወይም ውይይቱ ላይ ጻፉ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ኮርስ ያቋረጠ ተማሪ ደግሞ ከወሰደው ገንዘብ ከፊሉን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

ሲለበሱ (የኮርሱ ዕቅድና ደንብ የተጻፈበት ወረቀት) በወጣ ዕለት ፈተናው የት እንደሚሰጥ እዩ። አንዳንዱ ኦንላይን ኮርስ ግቢው ድረስ መጥታችሁ እንድትፈተኑ ያደርጋል፤ ሌላው ካሜራ ያለው ላፕቶፕና ማንም የማይገባበት ክፍል ይጠይቃል፣ ስልክ አይበቃም። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ ገንዘብ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ ክፍል ገብታችሁ ወደምትማሩበት ቀይሩ።