ኩባ ስትሄዱ ትንሿን ደሴት አትዝለሏት

ሰበታ፣ እኛ ሰፈር፣ «ኩባዋ» ይሉኛል። በ1975 ዓ.ም.፣ በአስራ ሁለት ዓመቴ፣ ከብዙ የሀገሬ ልጆች ጋር ለትምህርት ወደ ኩባ ሄድኩ። ነፍስ ያወቅኩት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ከተመለስኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ብር አጠራቅሜ ለሦስት ሳምንት ሄጄ አየኋት። ባለፈው እሁድ ቡና እያፈላሁ የጎረቤቴ ልጅ መጣች። በጥር ልታገባ ነው። «እትዬ፣ ለጫጉላችን ኩባ ልንሄድ አስበናል። ምን ምን እንይ?» አለችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ነው የምጽፈው።

ወቅቱን በደንብ መርጣለች። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይቻላል። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። የሰበታን ብርድ ለለመደ ሰው ሐምሌና ነሐሴ እዚያ በጣም ይከብዳሉ። ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል።

ጉብኝቱን ግን ከዚሁ ጀምሩ። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሜክሲኮ በታክሲ ግቡና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ያለውን የትግላችን ሐውልት እዩ። በኦጋዴን ጦርነት ከእኛ ጎን ተሰልፈው የወደቁ ኩባውያን ፎቶ እዚያ አለ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ቀስ ብላችሁ ፊታቸውን ተመልከቱ። ኩባ ስትደርሱ «ከኢትዮጵያ ነን» ባላችሁ ቁጥር ትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ያንን ጦርነት ነው። እኔን አንድ ባለ ታክሲ ወንድሙ ጅጅጋ እንደነበር ነግሮኝ ሒሳብ አልቀበልም ብሏል።

ወረቀቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቪዛውን አዲስ አበባ ያለውን የኩባ ኤምባሲ ጠይቁ። ከእኛ ሀገር ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። የጉዞ የጤና መድንም ግዴታ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ባለው ሳምንት «ዲ ቪያሄሮስ» የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። ሰው የሚረሳው ትራንዚቱን ነው። በማድሪድ ወይም በፓሪስ በኩል ረከስ ያለ ትኬት ብታገኙ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከኤርፖርቱ ባትወጡም የትራንዚት ቪዛ ትጠየቃላችሁ። ይህን ሳትጨርሱ ትኬት አትቁረጡ።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ዩሮ ይሻላል። እኔ አንድ ካርድ ተማምኜ ሄጄ የትኛውም ማሽን አልተቀበለኝም። ሁለት ቀን የበላሁት ከድሮ የክፍል ጓደኛዬ ተበድሬ ነው። የአሜሪካ ባንክ ካርድ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ በዚህ እንዳትታለሉ። መብራት ደጋግሞ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ። ፓወር ባንክና የእጅ ባትሪ አይቅሩ። መድኃኒት ቤት ሄዶ ምንም አለማግኘት የተለመደ ስለሆነ ከራስ ምታት ኪኒን ጀምሮ የሚያስፈልጋችሁን ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ማደሪያችሁ «ካሳ ፓርቲኩላር» ይሁን። ቤተሰብ የሚያከራየው ክፍል ማለት ነው። ቁርሱን እዚያው ያቀርቡላችኋል፣ መንገዱን ያሳዩአችኋል፣ ማታ በረንዳ ላይ ያጫውቷችኋል።

ለሃቫና ሦስት ቀን ስጡ። አሮጌው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። በእግር ነው የሚታየው፤ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ግቡ። ከሰዓት አርፉና አመሻሽ ላይ ማሌኮን ውጡ። ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባሕር ዳር ግንብ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ተደርድሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን ደግሞ ላ ካባኛ ወደሚባለው ምሽግ ተሻገሩ። በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ላይ በድሮ ልብስ የተዘጋጁ ወታደሮች መድፍ ይተኩሳሉ። ድሮ የከተማው በር መዘጋቱ የሚታወጀው በዚያ ድምፅ ነበር። የመጀመሪያ ሌሊት ሳላውቅ ሰምቼው ደንግጬ አልቅሻለሁ። ልጅ ነበርኩ።

ከሃቫና ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ቪኛሌስን እዩ። ቀይ አፈር፣ የትንባሆ ማሳ፣ እንደ ድንገት ከሜዳው ብድግ ያሉ ክብ ተራራዎች። ገበሬው በሬ ጠምዶ ያርሳል። ያገሬ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሞፈሩን ሳያይ ማለፍ አይችልም። ሳንታ ክላራ የቼ ጉቬራ መቃብር አለ፣ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ቫራዴሮ ባሕሩ በጣም ያምራል። ግን ሳምንቱን በሙሉ እዚያ አሸዋ ላይ ተኝቶ የሚመለስ ሰው ኩባን አላያትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከትልቋ ደሴት በስተደቡብ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ አለች። የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. የጥድ ደሴት ነበር የምትባለው። እኛ፣ አንጎላውያን፣ ሞዛምቢካውያን፣ ናሚቢያውያን የተማርነው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን በቶሮንሃ እርሻ መሐል የተሠሩ ረጃጅም የኮንክሪት ሕንፃዎች ነበሩ። ቶሮንሃ ብርቱካን የሚመስል፣ ትልቅና መረር ያለ ፍሬ ነው። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን እርሻው ውስጥ እንሠራለን። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ዛሬ ባዶ ናቸው። መኪና ተኮናትራችሁ በአጠገባቸው እለፉ። አማርኛ የተወራበት ግቢ መሆኑን እያሰባችሁ እዩት።

ወደ ደሴቷ በአውሮፕላን ወይም ባታባኖ ከሚባል ወደብ በጀልባ ይኬዳል። ጀልባው ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ። እኔ ስመለስ ነፋስ ተነስቶ ጀልባው ሁለት ቀን ቀረ። ስለዚህ ደሴቷን የጉዞው መጨረሻ ላይ አታድርጓት። መሐል ላይ አስገቧትና አራት ቀን ስጧት።

ኑዌቫ ሄሮና ትባላለች ከተማዋ። ከእሷ ወጣ ብሎ ፕሬሲዲዮ ሞዴሎ አለ። ግዙፍ ክብ ክብ ሕንፃ ያለው የድሮ እስር ቤት ነው። እስረኛው ዙሪያውን፣ ጠባቂው መሐል ማማ ላይ ይሆን ነበር። ፊደል ካስትሮ እ.ኤ.አ. በ1953 ሞንካዳ የሚባለውን የጦር ሰፈር ካጠቃ በኋላ እዚህ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1955 ተፈታ። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ሕንፃው ውስጥ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ የራሳችሁ እግር ድምፅ ይመለስላችኋል። ከዚያ ቢቢሃጉዋ ሂዱ። አሸዋው ጥቁር ነው። እሁድ እሁድ አስተማሪዎቻችን የሚወስዱን እዚያ ነበር። ደሴቷ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ፑንታ ዴል ኤስቴ፣ የጥንት ነዋሪዎች በቀይና በጥቁር የሳሏቸው ክብ ክብ ሥዕሎች ያሉበት ዋሻ አለ። ወደዚያ በኩል ያለ ፈቃድና ያለ አስጎብኚ አይገባም፤ ሄሮና እንደደረሳችሁ ጠይቁ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር። የአሳማ ሥጋ በየቦታው አለ። የማትበሉ «ሲን ሴርዶ» በሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። ሩዝና ቦሎቄው ኮንግሪ ይባላል፣ ይጣፍጣል። ግን በአሳማ ስብ ሊሠራ ስለሚችል «ቲዬኔ ማንቴካ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጿሚ ከሆናችሁ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኡዌቮ»። ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይግባበት ማለታችሁ ነው። አይከፋቸውም።

ስጦታ ያዙ። ሳሙና፣ ኪኒን፣ የተቆላና የታሸገ ቡና። ኩባዎች ቡና ይወዳሉ፣ ግን ይቸግራቸዋል።

ለሦስት ሳምንት ተመልሼ የሄድኩ ጊዜ ሄሮና ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ትክ ብላ አየችኝና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ መቁጠር ጀመረች። አስር ድረስ ሳትሳሳት ቆጠረች። የትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ለጎረቤቴ ልጅ የሴትየዋን ቤት አቅጣጫ ወረቀት ላይ ሥዬላታለሁ። በሠርጓ ማግስት ሁለት ኪሎ ቡና ቆልቼ እሰጣታለሁ። አንዱ ኪሎ የእሷ ነው፣ አንዱን ለሴትየዋ ታደርስልኛለች።